ጁባ፦ ግድግዳው አዳራሽ፣ አንሶላው ሸራ

ጁባ የደረሰ እንግዳ «የሥዕል ዐውደ ርእይ የት አገኛለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ የአዲስ አበባውን ዓይነት መልስ አይጠብቅ። አዲስ አበባ ላይ ጠያቂው ስድስት ኪሎ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ አለዚያም መካኒሳ ወደ ዞማ ሙዚየም ይላካል። ጁባ ግን በጁላይ 9 ቀን 2011 የነጻ አገር ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ለብሔራዊ ሙዚየም የሚሆን ቋሚ ሕንፃ ሳይቆምላት ዓመታት አልፈዋል። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥዕል ፈላጊው የከተማዋን አጥር፣ የመጠለያ ጣቢያዎቿን ድንኳንና የሴቶቿን የአልጋ ልብስ እያየ መዞር ይኖርበታል። ዙረቱ ግን ከንቱ አይቀርም። በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ዘንድ አሁን መነጋገሪያ የሆነውን ጥያቄ፣ ማለትም ከዳር የቀሩ ከያንያን እንዴት ወደ ዐውደ ርእይ ይግቡ የሚለውን፣ ጁባ ከግርጌው ይዛ ታሳየዋለች።

ከቦሌ የተነሳው አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል በሮ ዝቅ ማለት ሲጀምር የአዲስ አበባ ብርድ ተረስቶ ጃኬት ሸክም ይሆናል። ከታች ነጭ ዓባይ፣ አገሬው ባሕር ኤል ጀበል የሚለው፣ ረጋ ብሎ ይፈሳል። ዳርና ዳሩ ማንጎ ነው፤ ከማንጎው ወዲያ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ የጀበል ኩጁር ድንጋያማ ራስ ይታያል። ከተማዋ ለሐበሻ እንግዳ ባይተዋር አይደለችም። የውኃ ቦቴ ሾፌሮች፣ የሆቴልና የሱቅ ባለቤቶች በአማርኛና በትግርኛ ሲጠራሩ ይሰማል፤ እንጀራም አይጠፋም። ችግሩ ካሜራ ነው። ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ከጸጥታ ሰዎች ጋር ስለሚያጋጭ ጎብኚው ያየውን ሁሉ በዓይኑ መዝግቦ፣ ማታ ሆቴሉ ገብቶ ደብተር ላይ ማስፈር ይገደዳል። ለጽሑፍ ሰው ይኼ ብዙም የሚያማርር አይደለም፤ ካሜራ የሌለው ሰው ረጋ ብሎ ያያል።

በዲሴምበር 2013 ጁባ ላይ የተነሳው ተኩስ አዲሲቱን አገር ወደ እርስ በርስ ጦርነት ከተታት። በጁላይ 2016 ከተማዋ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነች። በዚያው ዓመት ኬንያ ላይ የተሰባሰቡ ወጣት ደቡብ ሱዳናውያን ሙዚቀኞች፣ ሠዓልያን፣ ገጣሚዎችና ተዋንያን «አና ታባን» የተባለ ቡድን መሠረቱ፤ በጁባ ዐረብኛ «ደክሞኛል» እንደማለት ነው። ድምፃዊው ማናሴ ማቲያንግና ሠዓሊዋ አቡል ኦያይ ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው። መጀመሪያ በቡድኑ ስም ዘፈን ወጣ። ቀጥሎ ቀለምና ብሩሽ ይዘው ወደ ጁባ አጥሮች ዞሩ፤ ሰው በሚያልፍ በሚያገድምበት ቦታ ሰላም የሚጠይቁ ትልልቅ ሥዕሎች ሣሉ። በየገበያው የጎዳና ቴአትር አሳዩ። ቆይተውም «ሐጋና»፣ «የኛ»፣ የሚል ስም ያለው ፌስቲቫል አዘጋጁ።

የአጥር ሥዕል ጎብኚው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆም ማለት ይበቃል። ጁባ ላይ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች በየዛፉና በየአጥሩ ጥላ ሥር ከሰል ምድጃ ያነድዳሉ፤ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው ከጠዋት እስከ ማታ ይውላሉ። ፊት ለፊቷ ሥዕል ያለ ሻይ ሻጭ ሥዕሉን ሲነጋ ታየዋለች፣ በቀትር ታየዋለች፣ ሲመሽም ታየዋለች። ደንበኞቿ ወታደር፣ ተማሪ፣ የቦዳ ቦዳ (የሞተር ብስክሌት ታክሲ) ነጂ፣ ሥራ ፈላጊ ናቸው፤ ሥዕሉ ምን ለማለት እንደፈለገ ብርጭቆ እስኪያልቅ ይከራከሩበታል። በዝነኛ ሙዚየም ውስጥ አንድ ጎብኚ በአንድ ሥራ ፊት የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ደቂቃ አይሞላም። ታዲያ የትኛው ተመልካች ነው ሥዕሉን የጠገበው?

ግድግዳ በር የለውም፤ መግቢያ አይጠይቅም፤ ጫማህ ጭቃ ነው ብሎ አይመልስም። ከዳር የቀረን ሰው ለማስገባት ከዚህ የቀለለ መንገድ ያለ አይመስልም። ሆኖም ማጋነን አያስፈልግም። የጁባ ዝናብ ከኤፕሪል ጀምሮ ለወራት ይወርዳል፤ ቀለሙን ያጥባል፣ ልስኑን ይገምሳል። አጥሩ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሐሳቡን ከለወጠ ሥዕሉ በአንድ ቀን ነጭ ኖራ ይለብሳል። ባለሥልጣን ቅር ያለው እንደሆነም ሠዓሊው የሚደበቅበት የአዳራሽ ጥላ የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግድግዳ አይሸጥም። ሠዓሊው ተወዳጅ ሆኖ ጾሙን ሊያድር ይችላል። ስለዚህ የጎዳና ሥዕል ጥሩ ጅማሬ ነው እንጂ የአዳራሽን ጥያቄ አይዘጋውም።

ጁባ ከናካቴው አዳራሽ የላትም ማለት አይደለም። ኒያኩሮን የባህል ማዕከል አለ። በ1970ዎቹ የተሠራ ነው፤ የተሠራበት ሰላምም የአዲስ አበባ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ያስቆመው የ1972ቱ ስምምነት የተፈረመው በአዲስ አበባ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነት ነበር። ጁባ ያን ጊዜ የራስ ገዝ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ከቢሮና ከትምህርት ቤት ጋር የባህል ቤትም ተሠራላት። ዛሬ ኒያኩሮን ኮንሰርቱም፣ ሠርጉም፣ ስብሰባውም፣ የቁንጅና ውድድሩም የሚካሄድበት ግቢ ነው። በዚህ መሃል ሥዕል ተራ ሲደርሰው ይሰቀላል።

የደቡብ ሱዳን ኪነት በስደት ያደገ መሆኑን ሳያነሱ ስለ ጁባ መድረክ ማውራት አይቻልም። ሁለተኛው ጦርነት ብዙ ሺሕ ደቡባውያንን ወደ ካርቱም ዳርቻ ሲገፋ፣ ዴሪክ ኡያ አልፍሬድና ጓደኞቻቸው በ1994 እዚያው «ክዎቶ» የተባለ የባህል ቡድን አቋቋሙ። ከተለያዩ ብሔረሰቦች የተውጣጡ ተፈናቃዮች አንዱ የሌላውን ዘፈንና ጭፈራ እያጠና በአንድ መድረክ የሚጫወትበት ቡድን ነበር። አገር ከተወለደ በኋላ በሜይ 2012 የደቡብ ሱዳን የቴአትር ቡድን ለንደን በሚገኘው የሼክስፒር ግሎብ ቴአትር ተጋበዘ። ፌስቲቫሉ 37 ተውኔቶችን በ37 ቋንቋዎች ያሳየ ነበር፤ የጁባው ቡድን ድርሻ «ሲምበሊን» ነበር፤ ጆሴፍ አቡክና ዴሪክ ኡያ አልፍሬድ በጁባ ዐረብኛ አዘጋጁት። ዓመት ያልሞላት አገር፣ ብዙዎች እንደ ገበያ መግባቢያ ብቻ የሚያዩትን ቋንቋ ይዛ ለንደን መድረክ ላይ ቆመች። ይህ ግብዣ ከብዙ የበጎ አድራጎት ግብዣዎች የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ተጋባዦቹ እንግሊዝኛ እንዲናገሩ አልተጠየቁም። ሥዕልን በሚመለከት ግን ጥያቄው ዛሬም ይመጣል። ሠዓሊው ስለ ሥራው በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጽፎ፣ የሕይወት ታሪኩን አያይዞ፣ ጥራት ያለው ፎቶ በኢሜል እንዲልክ ይታዘዛል። ያን ማድረግ የማይችለው ሠዓሊ ብሩሹ ምንም ያህል ቢያምር የበይ ተመልካች ይሆናል።

ሠዓሊ ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ የማይገቡም አሉ። ኮኞ ኮኞ ገበያ ውስጥ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ ተርታ የሚዞር ሰው በደማቅ ክር የተጠለፈ አንሶላ ቢያይ ቀረብ ብሎ ይመልከተው። ሚላያ ይሉታል። ጠላፊዋ የጥጥ ጨርቅ ገዝታ መጀመሪያ ንድፉን በእስክሪብቶ ትነድፍበታለች፤ አበባ፣ የተጠማዘዘ ሐረግ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወፎች፣ አንዳንዴም ጅራቷን የዘረጋች ፒኮክ። ከዚያ ቀይ፣ ብጫ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ክር እያቀያየረች ንድፉን ትሞላዋለች። ክሩ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ ስለሚገባ ወፏ ከጨርቁ ከፍ ብላ በጣት ትዳሰሳለች። ጠርዙ በኪሮሽ በተሠራ ዳንቴል ይከበባል። ከቤት ሥራውና ከልጁ ጣጣ ከሚተርፈው ሰዓት ላይ እየተሰረቀ ስለሚሠራ አንዱ ሚላያ ሳምንታት፣ ሲብስም ወራት ይፈጃል። ሙሽራ ይዛው ትገባለች፤ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ላይ ይነጠፋል ወይም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጠላፊዋ ስሟን አትጠልፍበትም። ሰፈሩ ግን የማን እጅ እንደሆነ ከስፌቱ ያውቃል።

በ2016 ጦርነቱ ወደ ኢኳቶሪያ ሲዛመት ወደ ኡጋንዳ የሸሹ ብዙ ሴቶች ያላቸውን ጥቂት ዕቃ በሚላያ ጠቅልለው ተሸክመው ወጡ። በዚያው ዓመት በኦገስት የተከፈተው የቢዲቢዲ የስደተኞች ሠፈር ከ200 ሺሕ በላይ ሰው በመያዝ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ኖራ ሎሬክ እዚያ ሄዳ ቤተሰቦቹን የገዛ ሚላያቸውን ከጀርባ አድርገው አነሳቻቸው፤ ፎቶዎቹ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጡ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተለመደ ነው። ስደተኛ ይነሳል፣ መጽሔት ያትማል፣ አንባቢ ያዝናል። ከዚያ ወዲያ የተደረገው ነው ቁም ነገሩ፤ የሴቶቹን ሚላያ ለውጭ ገዢ የሚሸጥ ፕሮጀክት ተቋቋመ፤ ጠላፊዎቹ ለእጃቸው ሥራ ይከፈላቸው ጀመር። ቢዲቢዲ ላይ በ2023 ደግሞ የኪነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ። ሀሰልና ሎካልወርክስ የተባሉ የሥነ ሕንፃ ድርጅቶች የነደፉት ነው፤ ግድግዳው ከአካባቢው አፈር የተጨመቀ ጡብ፣ ጣሪያው የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅም። ስደተኛው ደቡብ ሱዳናዊ በሠፈሩ አዲስ አዳራሽ አገኘ፣ ጁባ የቀረው ወገኑ ግን አላገኘም ማለት ነው። ይህንን ያሰበ ሰው ፈገግም ይላል፣ ያዝናልም።

ለአማርኛ አንባቢ ሚላያ ሩቅ አገር አይደለም። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ሶፋ ሳይቀር ዳንቴል የሚለብስበት ዘመን ገና ትናንት ነው። ከመኝታ በፊት በአምፑል ብርሃን ኪሮሽ ይዘው ያመሹ የነበሩ እናቶች ሥራ በየትኛው የአዲስ አበባ ማዕከለ ሥዕል ተሰቀለ? «የእጅ ሥራ» ተብሎ ወደ ባዛር ይላካል፤ «ሥነ ጥበብ» የሚለው ወረቀት ለሸራ ይቀመጣል። ይህን መስመር ያሰመሩት አብዛኛውን ጊዜ ዳንቴል ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

መስመሩ ሲሰበር ምን እንደሚመጣም ከሌላ ቦታ ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች የገጠር መንደር አለች። ሴቶቿ ከአሮጌ ሱሪና ሸሚዝ ቁራጭ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ለብርድ እንጂ ለዕይታ አልነበረም። በ2002 የሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ብርድ ልብሶቹን ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው፤ ቀጥሎ የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ተቀበላቸው፤ ሃያስያን ከዘመኑ ታላላቅ ረቂቅ ሥዕሎች ጋር አወዳደሯቸው። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አወጣላቸው። በማግስቱ ዓመት ጥቂት ሰፊዎች የሚገባንን ገንዘብ አላገኘንም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ክሱ በስምምነት ተዘጋ። ግድግዳ ላይ መሰቀል አንድ ጉዳይ ነው፤ ሒሳብ ማወራረድ ሌላ። አዘጋጆች የመጀመሪያውን ወደው ሁለተኛውን ይረሱታል። የጁባም ሆነ የአዲስ አበባ ጠላፊ ተጋብዛ «ዕውቅና ታገኛለሽ» ስትባል መጠየቅ ያለባት ዋጋውን ነው።

ጁባ ላይ ዋጋውን ከመነሻው ያሰበ ሥራ አለ። አንዬት ዳዎል የመሠረቱት «ሩትስ» የተባለ ፕሮጀክት ከተለያዩ ብሔረሰቦች የመጡ ሴቶችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ዶቃ ያሠራል፣ ይሸጣል። የዶቃ ነገር ደቡብ ሱዳን ላይ ጌጥ ብቻ አይደለም። ዲንካዎች ዘንድ ወንዱ ከወገቡ እስከ ደረቱ የሚለብሰው በሽቦ የቆመ የዶቃ ጥብቆ የዕድሜ ደረጃውን በቀለሙ ይናገራል፤ ያየው ሰው ጎረምሳ ይሁን ለትዳር የደረሰ ሳይጠይቅ ያውቃል። ወንዶቻቸው በጦር ግንባር ሲተኳኮሱ በነበሩበት ዓመታት ሴቶቹ እዚህ አንዷ የሌላዋን ጎሣ ንድፍ ትሰካ ነበር። ለነገሩ ገዢዎቻቸው አብዛኞቹ የውጭ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ የውጭ ሰው ከከተማዋ ሲወጣ ገበያውም አብሮ ይወጣል። የአገሬው ገዢ ያልያዘው ሥራ ሁሌም አንድ እግሩ አየር ላይ ነው።

ደቡብ ሱዳን የራሷን ጥንታዊ የጥበብ ሥራ ለማየት የምትፈልግ ከሆነ ፓስፖርት ያስፈልጋታል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሚያኒ በ1860 ከዛሬዋ ኒሙሌ አካባቢ ደርሶ ስሙን ሮቃ ዛፍ ላይ ፍቆ ተመልሷል፤ በጉዞው የሰበሰበው ዕቃ ቬኒስ ውስጥ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ኦክስፎርድ ያለው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም የኑዌርና የዛንዴ ዕቃ ሞልቶታል። ኦራዚዮ አንቲኖሪን ደግሞ የሸዋ ሰው ያውቃቸዋል፤ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተቀበሩት ጣሊያናዊ ናቸው። ወደ ሸዋ ከመምጣታቸው ዓመታት ቀድሞ፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ፣ ባሕር ኤል ጋዛል ዘልቀው ወፍ ይሰበስቡ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዚህች ምድር የወጣው ሁሉ፣ ጦሩም፣ በገናውም፣ ዶቃውም፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ሲገባ በአብዛኛው ሁለት ስሞች ይጻፉለታል፤ የጎሣው ስምና የሰብሳቢው ስም። የሠሪው ስም ቦታ ባዶ ነው።

ለዚህ የቦንጎዎችን የመቃብር ምስል የሚያህል ምሳሌ የለም። ቦንጎዎች በምዕራብ ባሕር ኤል ጋዛል የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ለታላቅ አዳኝ ወይም ለተከበረ ሰው መቃብር ላይ ከወፍራም ግንድ የተጠረበ ምስል ያቆሙ ነበር። በ1970ዎቹ ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ ከመቃብር ላይ ተነቅለው በነጋዴ እጅ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሄዱ፤ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሳይቀር አለው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እዚህ ምስሉ ከመቃብር ተነስቶ ባሕር ሲሻገር የብዙዎቹ ጠራቢዎች ስም እዚያው ቀረ። ዛሬ «እናካትታለን» የሚሉ ሙዚየሞች ከሕያዋኑ በፊት የነዚህን ስም ፍለጋ ቢጀምሩ ያምርባቸው ነበር።

ወደ ዛሬዋ ጁባ እንመለስ። ከተማዋ ላይ ዐውደ ርእይ ሲኖር ብዙውን ጊዜ ወንዝ ዳር ባለ ሆቴል፣ በኤምባሲ ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅት ግቢ ውስጥ ነው። በር ላይ ዘበኛ አለ፣ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳ ይፈተሻል። አንዲት ለስላሳ መጠጥ ለሻይ ሻጯ የቀን ገቢ የሚሆን ዋጋ ታወጣለች። ከጦርነቱ በሸሹ ሲቪሎች መጠለያ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ አጠገብ ዓመታትን ያሳለፈ ሠዓሊ ሥራው ተመርጦለት እንኳ ቢሆን፣ የመክፈቻው ምሽት ሲያልቅ በምን ትራንስፖርት ይመለሳል? ጨለማ ለብዙዎች አሁንም ያስፈራል። ጦርነት አካላቸውን ያጎደለባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ከተማዋ በዊልቸር የሚጫወት የቅርጫት ኳስ ቡድን ያፈራች ናት። ነገር ግን ደረጃ ያለበት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሥዕል ሲሰቀል ማንም እነሱን አያስብም። መስማት ለተሳነው ጎብኚ በምልክት ቋንቋ ማስረዳት ከተጀመረማ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ሁሉ የትንሽ ገንዘብ ጉዳዮች ናቸው፤ የመመለሻ መኪና፣ የሰቀላ ከፍታ፣ የእንጨት መወጣጫ፣ በጁባ ዐረብኛ የተጻፈ መግለጫ። የጎደለው በጀት ሳይሆን በጀቱን የሚይዘው ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ነው የሚለው ነው።

ጎረቤት ኬንያ ይህን በአደባባይ ተምራለች። በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ ላይ «የኬንያ ድንኳን» ተብሎ የታወጀው ዝርዝር በአብዛኛው የቻይናና የጣሊያን ሠዓልያን ስም ነበር። የናይሮቢ ሠዓልያን ጮኹ፤ መንግሥታቸውም ራሱን ከዝግጅቱ አገለለ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ2022፣ በናይሮቢ ሙኩሩ የድሆች ሰፈር ያደገው «ዋጁኩ» የተባለ የሠዓልያን ማኅበር በጀርመኗ ካሰል ከተማ በሚካሄደው ዶኩሜንታ ላይ ተሳተፈ፤ የዓመቱን የአርኖልድ ቦደ ሽልማትም ወሰደ። የዚያን ዓመቱን ዶኩሜንታ የመራው ሩዋንግሩፓ የተባለ የኢንዶኔዥያ ቡድን ነበር፤ ታዋቂ ግለሰቦችን ከመሰብሰብ ይልቅ ማኅበራትን እየጋበዘ፣ እነሱም የሚያውቋቸውን ሌሎች ማኅበራት ይዘው እንዲመጡ አደረገ። መራጩ ሲቀየር ተመራጩ ተቀየረ። ሩዋንግሩፓ በሌላ ጉዳይ፣ በተለይ ጸረ ሴማዊ ናቸው በተባሉ ምስሎች ሳቢያ፣ ከባድ ወቀሳ ደርሶበታል፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በሙኩሩ ልጆች ጉዳይ ግን ትክክል ሠርቷል።

ከጁባ ወጣ ብሎ ጎሮም የተባለ የስደተኞች ሠፈር አለ። መጀመሪያ ያስጠጋው ኢትዮጵያውያንን ነው፤ ከጋምቤላ የሸሹ አኙዋኮችን። በኤፕሪል 2023 የካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ሱዳናውያን ተጨምረውበት ከአቅሙ በላይ ሞላ። ድንበሩን ተሻግረን ብንመለከት ጋምቤላ ላይ ከ300 ሺሕ በላይ ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኞች ይኖራሉ። አንዱ አገር የሌላውን ሰው ያኖራል። ሁለቱም ዘንድ ግን አኙዋኩና ኑዌሩ በየዋና ከተማው ማዕከለ ሥዕል ውስጥ የሚታዩት በአብዛኛው የሌላ ሰው ሥዕል ውስጥ ነው፤ ረጅም፣ ጠቆር ያሉ፣ ጦር የያዙ፣ ስማቸው ያልተጻፈ። ሣዩ ሆነው የሚገቡበት ጊዜ ብርቅ ነው።

ከነዚህ የስደት መንገዶች የወጣች አንዲት አርቲስት ግን አለች። አቶንግ አቴም ኢትዮጵያ ውስጥ ከደቡብ ሱዳናውያን ቤተሰብ ተወልዳ፣ ከስደት በኋላ አውስትራሊያ ያደገች ፎቶግራፍ አንሺ ናት። ጓደኞቿንና ራሷን በደማቅ ጨርቅና በፕላስቲክ አበባ መካከል አስቀምጣ ታነሳለች። የጥንቱን የአፍሪካ ፎቶ ቤት ትዝታ ይዛ፣ ተነሺውም አንሺውም ደቡብ ሱዳናዊ የሆኑበት ሥራ ሠራች። በ2022 በአውስትራሊያ የመጀመሪያውን የላ ፕሬሪ ሽልማት ያሸነፈችው እሷ ናት። ሲድኒና ሜልበርን ያወቋትን አርቲስት አዲስ አበባ «ልጃችን» ብላ ብትጋብዛት ማንም አይከለክላትም።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ስድቡን ወዲያው ባያጠፋውም፣ ባለ እጅ መናቁ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎ አስቀምጧል። በኛ ዘመን ደግሞ እስክስታ አዋቂው መላኩ በላይ ካዛንቺስ የነበረውን ፈንዲቃን ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት አሳደገው፤ ማሲንቆው ሳይወጣ ሥዕል ገባ። የአዝማሪ ቤት ደንበኛ የነበረ ሰው ሳያስበው የሥዕል ተመልካች ሆነ። ፈንዲቃ በ2024 በሰፈሩ መልሶ ማልማት ሳቢያ ቦታውን ለቀቀ እንጂ ሐሳቡ አልፈረሰም። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ድንኳን ከፍታ ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳን አቀረበች። ውጭ ተጋብዞ መሄድ ምን ያህል እንደሚያኮራ ያን ጊዜ ሁሉም አይቷል፤ አገር ውስጥ የጋባዥነቱ ተራ ግን የራሷ የአዲስ አበባ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ዐውደ ርእይ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ የሚቀጥለው ጥሪያችሁ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው ወደ ጋምቤላ ላኩ። ማመልከቻ አትጠብቁ፤ ዶቃ የምትሰካዋን፣ አንሶላ የምትጠልፈዋን፣ የጭቃ ግድግዳ የምትቀባዋን ሄዳችሁ እዩ፤ ሥራውን በቋንቋዋ ታስረዳ፣ ስሟ በትልቁ ይጻፍ፣ ዋጋውን እሷ ትናገር። ከመራጮቹ አንዷም የዚያው አገር ሰው ትሁን። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ወጪውም ከአንድ የመክፈቻ ምሽት መስተንግዶ የሚበልጥ አይመስልም።